«ባዶ» የተባለው መሬት፤ ኢሉባቡር ስንት ነፍስ ይሸከማል?



ዕድሜውን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ያሳለፈ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሥራ ቢኖር ሠንጠረዥ መሙላት ነው። እኔም በ1977 ዓ.ም. ወጣት ጸሓፊ ሆኜ በጎሬ ሳለሁ በእጄ የሞላሁት አንድ ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በስተግራ የቀበሌዎቹ ስም ተደርድሯል፤ ቀጥሎ የታረሰ መሬት፥ ከዚያ የግጦሽ መሬት፥ በመጨረሻም «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» የሚል ዓምድ ነበር። ደኑን በዚህ ዓምድ ጻፍነው። ጨፌውንም በዚሁ ጻፍነው። ገበሬው እንዲያርፍለት የተወው ማሳ እንኳ ቁጥቋጦ ስለ በቀለበት በዚሁ ገባ። ድምሩ ሲወጣ አገሩ አብዛኛው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ትእዛዙ የአለቃ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ፤ ነገር ግን እጁ የእኔ ነበር።

ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ነገር ይህችው «ባዶ» የምትባል ቃል ናት። አንድ ምድር ስንት ነፍስ ለመሸከም ይችላል? ወሰኑስ በምን ይታወቃል? ሊቃውንት ስለዚህ ጉዳይ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። እኔ ግን ጥያቄውን ከትልቁ ዓለም ይልቅ በማውቀው አገር፥ በጎሬና በመቱ፥ በሶርና በገባ ወንዞች መካከል ባለው ምድር ላይ አቁሜ ለማየት እፈልጋለሁ።

ጎሬን የሚያውቅ ሰው ዝናቡን ያውቃል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ጉብታ ላይ የተሠራች ስትሆን፥ በዓመት የሚወርድባት ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊሜትር ይጠጋል። የአዲስ አበባ ክረምት ያማረረው ሹም ወደዚያ ተዛውሮ ሲሄድ ክረምት ማለት ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይማራል። ደመናው ከምዕራብ ቆላ ተነሥቶ በደጋው ጫፍ ላይ ይሰበራል፤ ውሃው በዛፉ ቅጠልና በሥሩ ተይዞ ቀስ እያለ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ በሸለቆው ወለል ላይ ጨፌ ይሆናል፤ ከጨፌው ወደ ሶር፥ ከሶር ወደ ገባ ይሄዳል። ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይባላል። ባሮም ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባ ውሃ ነው። እንዲህ ያለውን አረንጓዴ አገር ከሰሜን የሚመጣ፥ ያውም ምድር ስትሰነጠቅ ያየ ሰው ሲያየው፥ «ይህ ሁሉ ለም መሬት ያለ ሰው ተቀምጧል» ቢል አይፈረድበትም። ሊፈረድበት የሚገባው ያንኑ ሳይጠይቅ በወረቀት ያጸደቀው ነው።

አሁን ለጥቂት ጊዜ ከኢሉባቡር ልውጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1798 ማልተስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። አሳቡም በአጭሩ ይህ ነበር፤ ሰው ካልተከለከለ እጥፍ በእጥፍ እየሆነ ይበዛል፥ ምግቡ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም፤ ስለዚህ ረኃብ፥ በሽታና ጦርነት መጥተው ሚዛኑን ያስተካክሉታል። ከአርባ ዓመት በኋላ በ1838 ቬርሁልስት የሚባል ቤልጂካዊ የሒሳብ ሊቅ ነገሩን ለዘብ ባለ መንገድ አሰበው። እርሱ እንዳለው አንድ ፍጡር በአዲስ ስፍራ ሲገባ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፥ ቀጥሎ በፍጥነት ይበዛል፤ ስፍራው እየሞላ በሄደ ቍጥር ግን ዕድገቱ ራሱ እየተገታ በመጨረሻ በአንድ ልክ ላይ ይቆማል። ይህን ልክ የኋላ ሊቃውንት የምድር የመሸከም ዐቅም ብለው ጠሩት። በወረቀት ላይ የተሣለው መስመር ያማረ ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ ጋደል ብሎ ያርፋል። ፍጥረት ግን ሁልጊዜ እንደዚህ በጨዋነት አያርፍም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን የታወቀ ታሪክ አለ። በአላስካ ምዕራብ፥ በቤሪንግ ባሕር መካከል፥ ቅዱስ ማቴዎስ የሚሏት 330 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያላት ሰው የማይኖርባት ደሴት ትገኛለች። በ1944 እንደ እነርሱ አቆጣጠር፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ለችግር ቀን ስንቅ ይሆኑናል ብለው 29 የበረዶ አገር አጋዘኖች አመጡባት። ወታደሮቹ ጦርነቱ ሲያልቅ ሄዱ፤ አጋዘኖቹ ቀሩ። አውሬ የለ፥ አዳኝ የለ። መሬቱን ሊከን የሚባል፥ ከመሬት ላይ እንደ ወፍራም ምንጣፍ የሚነጠፍና ለማደግ ብዙ አሥር ዓመታት የሚፈጅ ነገር ሸፍኖት ነበር። አጋዘን በክረምት የሚኖረው በእርሱ ነው። በ1957 አጋዘኖቹ 1,350 ሆኑ፤ በ1963 ደግሞ 6,000 ደረሱ። ሊከኑ ግን ተግጦ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ኃይለኛ ክረምት መጣ። በ1966 ሊቃውንቱ ሲመለሱ በሕይወት ያገኟቸው 42 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ወንዱ አንድ ነበር። ጥቂት ቆይቶም ዘራቸው ከደሴቲቱ ጠፋ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ብዛቱን ነው። እኔ ግን የምመለከተው ሊከኑን ነው። አጋዘኖቹ በዚያ ሁሉ ዓመት የበሉት የየዓመቱን ፍሬ ሳይሆን በረዥም ዘመን የተጠራቀመውን መዝገብ ነበር። በ1957 ደሴቲቱን ያየ ሰው «ገና ብዙ ባዶ ስፍራ አለ» ቢል ዓይኑ አላታለለውም፤ ስፍራው በእርግጥ ነበር፤ የሚሸከመው ነገር ግን ከሥር እያለቀ ነበር። ወሰን ማለት እንደ አጥር ከሩቅ የሚታይ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ካለፉት በኋላ ነው።

ሰው አጋዘን አይደለም፤ ይሄዳል፥ ይነግዳል፥ አዲስ ዘር ያመጣል፥ ከሁሉም በላይ ይቈጥራል። ስለዚህ የማልተስ ትንቢት በብዙ አገር አልደረሰም። ነገር ግን ሰውም የራሱ ሊከን አለው። በኢሉባቡር ይህ ሊከን ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ እኔ በ1977 «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብዬ በጻፍሁት ዓምድ ውስጥ ተሰልፎ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ ደኑን እንውሰድ። ከጎሬ ደጋ ወደ ጋምቤላ ቆላ በሚወርደው ቁልቁለትና ከዚያም ወደ ደቡብ በተዘረጋው ጫካ ውስጥ ማጃንግ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። የማጃንግ ሰው ጫካውን በጥቂቱ መንጥሮ በዶማ ይዘራል፤ ጥቂት ዓመት አምርቶ ምድሩ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል፤ የተተወው ማሳ ደግሞ ተመልሶ ጫካ ይሆናል። በዛፎቹ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቈርጣል። ከብት አያረባም፤ በቆላው የገንዲ ዝንብ ስላለ ከብት አይበረክትምና። መንገደኛ ሹም በዚያ ቢያልፍ የሚያየው አንድ ትንሽ መንደርና ማለቂያ የሌለው ጫካ ነው። ነገር ግን ያ ጫካ ከዓመታት በፊት የታረሰ፥ ከዓመታት በኋላም የሚታረስ ማሳ ነው። ተኝቷል እንጂ ባዶ አልነበረም።

ወደ ደቡብ፥ በቀድሞው ሞቻ አውራጃ በማሻ በኩል ደግሞ፥ ቆቦ የሚባል ልማድ አለ። አንድን የደን ክፍል መጀመሪያ የያዘ ሰው ቀፎ የመስቀል መብት ያገኛል፤ መብቱም ለልጁ ይተላለፋል። ለውጭ ሰው ደኑ ሁሉ የማንም ያልሆነ ይመስላል፤ ለአገሩ ሰው ግን እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ ባለቤቱ ይታወቃል። በእኛ ሠንጠረዥ ባለቤቶቹ አልተጠየቁም፤ የሚጻፉበት ዓምድም አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ልናገርለት የምወደው ግን ጨፌው ነው። ጨፌ የምንለው በኮረብቶቹ መካከል ባለው ሸለቆ ወለል ላይ ዓመቱን ሙሉ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚይዝ፥ ቄጠማ የሞላበት ረግረግ ነው። ከጠቅላላው መሬት ስፋቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን የሚጠጣው ምንጭ ከዳርቻው ይፈልቃል፤ የቤቱ ክዳን ከእርሱ ይታጨዳል፤ ለበዓልና ለሙሽራ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከእርሱ ይመጣል፤ ከብት በበጋ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። ሌላ ቦታ እምብዛም የማይታዩት ትላልቆቹ ውሃ ወዳድ ወፎች እንቍላላቸውን የሚጥሉት በዚሁ ነው። ከዚህም በላይ የአገሩ ገበሬ ጨፌውን በከፊል ማረስን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በበጋ ቦይ ቈፍሮ ውሃውን በልክ ያስወርዳል፤ በቆሎ ይዘራል፤ በቆሎውም የኮረብታው እህል ገና ሳይደርስ፥ ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በዚያ አስቸጋሪ ወር እሸት ይሆናል። ሰብሉ ሲነሣ ቦዩን ይደፍነዋል፤ ውሃው ተመልሶ ይተኛል፤ ደለሉም ምድሩን ያድሰዋል። የጨፌውን ራስ፥ ማለትም ውሃው የሚገባበትን የላይኛውን ክፍል፥ አይነካውም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ አገር የሐደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መቱ ላይ ሆነው እነዚህን ጨፌዎች መርምረዋል። ያገኙትም የአገሩ ሽማግሌ ከሚለው የራቀ አልነበረም። በልክ የታረሰ፥ ራሱ ያልተነካ፥ ቦዩ የሚደፈንለት ጨፌ ለብዙ ዓመታት ሳይደክም ይሰጣል። ከዳር እስከ ዳር የታረሰ፥ በዓመት ሁለት ጊዜ የተዘራና ከዚያም ላይ ከብት የተለቀቀበት ጨፌ ግን ጥቁሩ አፈር ይደርቃል፤ ውሃው ወደ ታች ይርቃል፤ ቄጠማው ጠፍቶ ሌላ ሣር ይበቅልበታል፤ ምንጩም ይጐድላል። እንግዲህ በአንዱ ጨፌ ውስጥ ሁለት የመሸከም ዐቅም አለ ማለት ነው፤ አንዱ የአምስት ዓመት፥ ሁለተኛው የልጅ ልጅ። በሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያው ይበልጣል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ፤ ሰው በኢሉባቡር የበዛው በአንድ ጊዜ ወይም በአንድ ምክንያት አይደለምና።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ላይ የወረደው ክፉ ቀን የታወቀ ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው፥ ሕዝባችን ምን ለማለት እንደ ሆነ እንጃ «ደስታ» ብሎ የጠራው የከብት በሽታ ከመቶው ዘጠናውን ከብት ጨርሷል ተብሎ ይገመታል። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የሰሜኑ ምድር በድንገት አላነሰም፥ ሰውም በድንገት አልበዛም። የጠፋው በምድሩና በሰው መካከል ያለው በሬ ነበር። የአንድ አገር ወሰን የሚወሰነው ባለው ነገር ድምር ሳይሆን ከሁሉ አስቀድሞ በሚጎድለው በአንዱ ነገር ነው። በአንዱ አገር በሬ፥ በሌላው ውሃ፥ በሦስተኛው ጨው ይሆናል። በዚያ ክፉ ዘመን ሰሜኑ ሲራብ የደቡቡና የምዕራቡ አገር የመንግሥትም የወታደሩም ተስፋ ሆነ። ኢሉባቡርም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባው በእነዚሁ ዓመታት ገደማ ነው።

በኋላ ራስ የተባሉት ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው አደረጉ። ጦራቸውም ተከትሏቸው ሰፈረ፤ የአገሩ ገበሬ ገባር ሆኖ ወታደሩን እንዲቀልብ ተመደበ። ይህም ማለት ቀድሞ ራሱን ብቻ ይመግብ የነበረው ምድር ሁለተኛ አፍ ተጨመረለት ማለት ነው። ተሰማ በ1890 ዓ.ም. ወደ ነጭ ዓባይ በዘመቱ ጊዜ ከጦራቸው የተላከ ጓድ በሰኔ ወር ከወንዙ ዳር ደርሷል፤ ነገር ግን የደጋው ሰው በቆላው ወባና ችግር ተጎድቶ ሳይቀመጥበት ተመለሰ። በካርታ ላይ የተያዘ አገርና ሰው ሊኖርበት የሚችል አገር አንድ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም። ጎሬ በ1928 ዓ.ም. የጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ሆና እስከ ኅዳር 1929 ድረስ መቆየቷ ከፍ ያለ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚያስፈልገው ዛሬ አልነካውም።

የኢሉባቡርን ልክ ከጦሩ ይልቅ የለወጠው ቡና ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተሠራ። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን ይመጡ ነበር። የጎሬ ቡና በበቅሎና በአህያ፥ በሰውም ትከሻ ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ካርቱም ይሄዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። በጎሬ የግሪክ፥ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ከዚህ ወዲህ የኢሉባቡር ገበሬ የሚኖረው በሚዘራው ብቻ መሆኑ ቀርቶ በሚለቅመውም ሆነ። ምድሩ በእርግጥ ብዙ ሰው መሸከም ቻለ፤ ቡና ሸጦ እህል የሚገዛ ሰው ከማሳው ልክ በላይ ይኖራልና። በዚህ ረገድ ማልተስ ተሳስቷል።

ነገር ግን የዚህ ለውጥ ዋጋ ነበረው። ቡና ጥላ ስለሚወድ ኮረብታው ላይ ያለውን ደን ያዘ። ይህ ለዛፉ መልካም ሆነ፤ እንዲያውም የኢሉባቡር ደን እስከ ዛሬ የቆየው በቡናው ምክንያት ነው ብል አላበዛሁም። እህሉ ግን ወዴት ይሂድ? አንድ ክፍሉ ወደ ጨፌው ወረደ። ስለዚህ ደኑ ተጠብቆ ጨፌው ተነካ። ሁለተኛው ዋጋ ደግሞ ሰው በአንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የቡናን ፍሬ አጥቍሮ የሚያረግፍ በሽታ፥ በኬንያ በ1922 የታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በአገራችን ታየ። ዝናቡ ለሚበዛባቸው የምዕራብ ቡና አገሮች፥ ለኢሉባቡርም ጭምር፥ ይህ እንደ ሁለተኛ «ደስታ» ነበር። ያን ጊዜ የረዳን ምን ነበር? በጫካው ውስጥ ማንም ሳይተክላቸው የበቀሉ፥ ማንም ያልቈጠራቸው የቡና ዛፎች ናቸው። ከደቡብ ምዕራብ ደኖች ዘር እየተሰበሰበ፥ በጅማ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ተፈትኖ፥ በሽታውን የሚቋቋም ቡና ለገበሬው ታደለ። መድኃኒቱ ተቀምጦ የኖረው «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ከተባለው መሬት ውስጥ ነበር።

እነሆ ወደ 1977 ዓ.ም. ደረስን። በዚያ ዓመት ስለ ወሎና ስለ ትግራይ ረኃብ ለዚህ ዘመን አድማጭ መተረክ አያስፈልግም። የተራበው ሕዝብ በእውነት ተርቦ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አዛውሮ ለማስፈር ወሰነ። እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአውቶቡስ፥ በጭነት መኪናና በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ከእነርሱ ብዙዎች ወደ ኢሉባቡር መጡ። በዚያን ጊዜ ጋምቤላም በኢሉባቡር ሥር ነበረች። ወደው የመጡ ነበሩ፤ በግድ የተጫኑም ነበሩ፤ ባል ከሚስቱ፥ እናት ከልጇ የተለያዩበት ጊዜም ነበር።

የሰፈራው ዓይነት ሁለት ነበር። አንዱ በሰፊ ስፍራ ላይ በትራክተር የሚታረስ ትልቅ መንደር ነው። ሁለተኛው «ሰግሰጋ» የሚባለው ነው፤ ሰፋሪዎቹን በነባሮቹ የገበሬ ማኅበራት መካከል ትርፍ መሬት አለ በተባለበት ቦታ ሁሉ እየሰገሰጉ ማስፈር ማለት ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ነገር ግን ከአንድ መጽሐፍ የበለጠ ይናገራል። ሰው በጆንያ ውስጥ የሚሰገሰግ ጥጥ ሆነ። ትርፍ መሬት የት እንዳለ የሚናገረው ያው ሠንጠረዥ ነበር።

የኢሉባቡር ገበሬ ለእንግዶቹ ጎጆ ሠራ፤ እህልም አዋጣ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዙ ቦታ ያየሁት ርኅራኄ ነው፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ እመሰክራለሁ። ችግሩ በኋላ መጣ። ሰፋሪው ያደገው ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ በበሬ እያረሰ ነው፤ ለእርሱ ዛፍ ማለት ማሳውን የሚያጠላ፥ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚያስጠልል ጠላት ነው። ለነባሩ ደግሞ ያው ዛፍ የቡናው ጥላ፥ የቀፎው መስቀያ ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን አገር ሊከን ነበር የሚያውቀው። ከደጋ የመጣው ሰው በቆላው ሰፈር በወባ ታመመ፤ በሬውን ገንዲ ገደለው። ከዚያም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የቀሩትም ቀሩ፤ ልጆቻቸው በዚያው ተወልደው አድገዋል፤ አንዳንዶቹ ኦሮምኛን ከአባቶቻቸው አማርኛ ይልቅ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ስለ እነርሱ «መጤ» የሚል ቃል ሲነገር እሰማለሁ። ያመጣቸውን ወረቀት ማን እንደ ጻፈው ስለማውቅ ቃሉ እኔን ይወጋኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዛት ግን ከሰፋሪው የመጣ አይደለም፤ ይህንም በሚገባ ማስተዋል ይገባል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የኢሉባቡር ዞን ሕዝብ 850 ሺህ ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ወደ 1.27 ሚሊዮን ደረሰ። በአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ግማሽ ያህል ጨመረ ማለት ነው። በዚያው ዘመን የአገሪቱ ሕዝብ ከ53.5 ሚሊዮን ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ ከፍ ብሏል። በ1999 በዞኑ በአንድ ካሬ ኪሎሜትር የሚኖረው ሰው በአማካይ 84 ነበር። ይህ ቍጥር ከሌሎች የደጋ አገሮቻችን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ስለ ሆነም እንደገና «ገና ስፍራ አለ» የሚል ሰው ይነሣል። አማካይ ግን የሚታረሰውንና የማይታረሰውን አቀላቅሎ የሚያካፍል ነገር ነው። ገበሬው የሚቈጥረው ለሦስተኛ ልጁ የሚሰጠው ማሳ መኖር አለመኖሩን ነው።

አጋዘን የማይችለውን ሰው ይችላል ብዬ ቀደም ሲል ተናግሬአለሁ። መንግሥት በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ አወጣ፤ ዓላማውም አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደውን ልጅ በአማካይ ከ7.7 ወደ 4 ዝቅ ማድረግ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የጤና ጥናት ቍጥሩን 4.6 አድርሶ አገኘው። በአዲስ አበባማ ገና በ1992 ዓ.ም. ከሁለት በታች ወርዶ ነበር፤ ማንም አዋጅ አላወጀባቸውም፤ የቤት ኪራዩ፥ የልጅ ትምህርት ቤቱና የእናቲቱ ሥራ አንድ ላይ ሆነው አወጁት። እናንተ በከተማ የምትኖሩ አድማጮቼ የራሳችሁን ቤትና የእናቶቻችሁን ቤት ብታነጻጽሩ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሆኖም ፍጥነቱ ዛሬ ቢቀንስ እንኳ ቀድሞ የተወለደው ልጅ አድጎ መሬት መጠየቁ አይቀርም፤ ልክ ዝናቡ ካባራ በኋላ ጎርፉ እንደሚመጣ ነው።

ሠንጠረዡም ቢሆን እንደ ቀድሞው አልቀረም። በ2002 ዓ.ም. የያዮ የቡና ደን በዩኔስኮ የሕይወት ክበብ ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገባ። ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን በሦስት ተከፍሏል። 27,733 ሄክታሩ የማይነካ እምብርት ነው፤ 21,552 ሄክታሩ ቡና የሚለቀምበትና ቀፎ የሚሰቀልበት ዙሪያ ነው፤ የቀረው 117,736 ሄክታር ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት ነው። እኔን ደስ ያሰኘኝ ቍጥሩ ሳይሆን ዓምዱ ነው። ሰው የማይነካው መሬት የራሱ ስም ተሰጠው፤ ከሥራ እንደ ቦዘነ አልተቈጠረም። ይህ የተደረገው ለደኑ ነው። ለጨፌው ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ዓምድ በስፋት አላየሁም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለዘመድ ለቅሶ ወደ መቱ ሄጄ ነበር። በመልሱ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ከአንድ ጨፌ ዳር መኪናው ቆመና ወረድሁ። የጨፌው ግርጌ በበቆሎ ተሸፍኗል፤ ራሱ ግን ቄጠማ እንደ ሆነ ነበር፤ ወሰኑ በገመድ የተለካ ያህል ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሽማግሌ በዳርቻው ተቀምጠው ከብት ይመልሱ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፥

«አባቴ፥ ይህን የላይኛውን ስለ ምን ሳታርሱት ቀራችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ራሱን ካረስነው ግርጌው አይሰጥም፤ ምንጩም ይሄዳል» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ኮረብታው እያመለከቱ፥ «ሰባት ልጆች አሉኝ። አምስቱ እንደ ምንም መሬት አገኙ። ሁለቱ የላቸውም። በየዓመቱ መጥተው ይህን ይጠይቁኛል፤ ባዶውን ተቀምጧል ይላሉ» አሉ።

«እርስዎስ ምን ይመልሱላቸዋል?»

ሽማግሌው አንዲት ጊደር ወደ ቄጠማው ልትገባ ስትል በበትር መለሷትና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ዘንድሮ አልደረሱም፤ ለመስቀል ይመጣሉ» አሉኝ።